ቧንቧው ለምን አየር ይውጣል?

በሐርጌሳ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው በስተግራ አንድ የዓሣ ገንዳ አለ። የሠራነው ከሥነ ሕይወት መምህሩ ጋር ሆነን ነው፤ መስተዋቱን ያስቆረጥን፣ ጠረጴዛውን ያስበየድን፣ ቧንቧውንም የገጣጠምን ራሳችን ነን። ውስጡ ዐሥራ አንድ ወርቃማ ዓሦች ይዋኛሉ። ገንዳው ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በሰሌዳው ላይ በመጻፍ ላይ ሳለሁ፣ ከጎኔ ጉርጉርታ ተሰማና አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ «ማዓሊን፣ ይስሙት፤ ገንዳው ይተነፍሳል!» አለ። ማዓሊን በሶማልኛ መምህር ማለት ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይሁን እንጂ ልጁ የነገሩን ምንነት ከሁላችንም ቀድሞ ተናግሮት ነበር። የውኃ ማውረጃው ቧንቧ በእርግጥ አየር ይስብና ይተፋ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ቧንቧ ጋር ስንታገል ቆየን። ከትግሉ ያገኘነው ትምህርት የዓሣ ገንዳ ላለው ሰው ብቻ ሳይሆን የፈሳሾችን ግፊት ለሚያስተምር ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ የተሳሳትነውን ጭምር ለባልደረቦቼ መምህራንና ለተማሪዎች ላካፍል አሰብሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በመጀመሪያ ባጭሩ ላስረዳ። ላይኛው ገንዳ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንዱ ማዕዘን በመስተዋት የተከለለ ጠባብ ጓዳ አለው። የገንዳው ውኃ ከልኩ ባለፈ ጊዜ በክልሉ ጠርዝ ላይ ተርፎ ወደዚህ ጓዳ ይፈስሳል፤ ከጓዳውም ባለ አንድ ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ ይዞት ከጠረጴዛው ሥር ወደሚገኘው ታችኛው ገንዳ ያወርደዋል። እዚያ በስፖንጅና በጠጠር ከተጣራ በኋላ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። በጓዳው ውኃና በታችኛው ገንዳ ውኃ መካከል ያለው ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ቢባል፣ ላይኛው ገንዳ ምን ጊዜም ከልኩ አይወርድም፤ በላዩ የሚሰፍረው ቅባትና አቧራም በጠርዙ ላይ እየተገፈፈ ይወርዳል።

የበሽታው ምልክቶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው የተባለው ጉርጉርታ ነው። ሁለተኛው፣ ታችኛው ገንዳ በደቃቃ አረፋ ተሞልቶ ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ነበር፤ አረፋውም በፓምፑ በኩል ወደ ላይ ተመልሶ በዓሦቹ ክንፍና በመስተዋቱ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ የጓዳው ውኃ በየደቂቃው ከፍ እያለ ይቆይና በድንገት እየተመጠጠ ይወርዳል፤ ጉርጉርታው የሚበረታውም በዚያን ጊዜ ነው።

አየር መሆኑን በምን እናውቃለን?

ውኃ ነጭ ሲሆን ሰው ሁሉ አየር ነው ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን በቀላል ሙከራ መረጋገጥ አለበት። ከውኃው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ማቆምና ማየት ነው። ነጭነቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ አረፋው ወደ ላይ ይወጣልና። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየጠራ ከሄደ ግን የሚዘቅጥ ደለል ወይም ኖራ መሰል ነገር ነው። የእኛው ከታች ጀምሮ ጠራ።

የመጥራቱ ፍጥነትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ የሆነ አረፋ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወጣል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ገንዳ ለመውጣት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። ውፍረቱ በግማሽ ቢያንስ ፍጥነቱ በአራት እጅ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አራት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ከታችኛው ገንዳ የሚገኘው 60 ሊትር ውኃ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሙሉ በሙሉ በፓምፑ ውስጥ ያልፋል። ደቃቁ አረፋ ሳይወጣ ፓምፑ ይደርስበታል። ይህ በመሆኑ በታችኛው ገንዳ ውስጥ ውኃው ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርድባቸው ሁለት የመስተዋት ጋሬጣዎች አቆምን፤ መንገዱን ያረዝሙታል፤ አረፋውንም ወደ ገጹ ያቀርቡታል። ጋሬጣ ግን ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። አየሩ የሚገባበትን በር ማግኘት ያስፈልጋል።

በሐርጌሳ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማውረጃው ቧንቧ አይደለም። የአየሩ ድርቀት ነው። ላይኛው ገንዳ ከልኩ ስለማይወርድ፣ ከሁለቱም ገንዳዎች በትነት የሚጠፋው ውኃ በሙሉ የሚታየው በታችኛው ላይ ነው። ጂላል በሚባሉት ደረቅ ወራት በእኛ ክፍል በቀን 3 ሊትር ያህል ይተናል። የታችኛው ገንዳ ወለል 50 በ40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ በቀን የአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል መውረድ ይሆናል። ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ስንመለስ የፓምፑ አፍ ለውኃው ገጽ ቀርቦ፣ ከበላዩ ትንሽ አዙሪት ተፈጥሮ፣ በአዙሪቱ መካከል አየር እንደ ክር እየተጎተተ ሲገባ አየነው። መድኃኒቱ አንድ ጀሪካን ውኃ ነው። ውኃ ሲጨመር አረፋው ወዲያው ከቀነሰ በሽታው ይኸው ነበር ማለት ነው፤ ቧንቧ መፍታት አያሻም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፓምፑ ከታችኛው ገንዳ ውጭ ለተተከለባቸው ሰዎች ነው። ፓምፑ ውኃ በሚስብበት ወገን ያለ የላላ መገጣጠሚያ ውኃ አያንጠባጥብም፤ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ብዙ ሰው መገጣጠሚያው ደረቅ መሆኑን አይቶ ደኅና ነው ብሎ ያልፈዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መመልከት ነው፤ አረፋው ጋብ ካለ ቀዳዳው እዚያ ነው። የሳሙና ውኃ ቀብቶ መፈተን በጋዝ ቧንቧ ላይ የተለመደ ቢሆንም ለዓሣ ገንዳ አይሆንም፤ ሳሙና ለዓሣ መርዝ ነውና። ይህን ቀዳዳ በቸልታ ማለፍም አይገባም። ከማውረጃው የሚመጣ አረፋ ዓሦችን እምብዛም አይጎዳም። ፓምፑ የሳበው አየር ግን በግፊት ከውኃው ጋር ስለሚሟሟ፣ ውኃው ከሚገባው በላይ ጋዝ ይሸከማል፤ ከልኩ ካለፈም ከጥልቅ ባሕር ቶሎ እንደወጣ ጠላቂ በዓሣው ደምና ክንፍ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል።

የሚቀጥነው ውኃ

ሁለቱን ተጠርጣሪዎች ነጻ ካወጣን በኋላ ወደ ማውረጃው ቧንቧ ተመለስን። ምክንያቱን ለመረዳት መምህሩ ወደ ግቢው የውኃ ቧንቧ መውጣት ብቻ ይበቃዋል። ቧንቧው በስሱ ተከፍቶ ውኃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ተመልከቱ። ከአፉ ላይ ወፍራም ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ እየቀጠነ ይሄዳል። ለምን? ውኃው ሲወድቅ ይፈጥናል፤ በሴኮንድ የሚያልፈው መጠን ግን ከላይም ከታችም እኩል ነው። በሴኮንድ እኩል መጠን ያለው ውኃ በበለጠ ፍጥነት ለማለፍ የሚፈልገው ስፋት ያንሳል። ተማሪዎቼ በማስመሪያ ለክተው የላይኛውንና የታችኛውን ውፍረት አወዳደሩ፤ ከመጽሐፍ ከሚያነቡት ቀመር ይልቅ ይህ ሙከራ በአእምሮአቸው እንደቀረ በፈተናው አይቻለሁ።

አሁን ይህን የሚቀጥን ውኃ በሰፊ ቧንቧ ውስጥ እናስበው። የፓምፓችንን ኀይል የለካነው በጀሪካን ነው፤ 20 ሊትር በ48 ሴኮንድ ሞላ። ይህ በሴኮንድ 417 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 1,500 ሊትር ነው። ውኃ ከ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለ አንዳች ተቃውሞ ቢወድቅ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። 417ን ለ400 ሲያካፍሉት በግርጌው ለውኃው የሚያስፈልገው ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ይገኛል። የውስጥ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ግን 4.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በእርግጥ ሰበቃ ውኃውን ስለሚገታው የያዘው ቦታ ከዚህ ይሰፋል። ቢሆንም የቧንቧው ትልቁ እጅ ባዶ ነው። ባዶውን የሚሞላው አየር ነው፤ የሚወርደው ውኃም አየሩን እየጎተተ ወደ ታች ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ የጓዳው ውኃ በየደቂቃው ለምን ይወጣል ይወርዳል? ውኃው ሲጠራቀም የቧንቧውን አፍ ይደፍነዋል፤ አየር መግባቱ ይቋረጣል፤ ቧንቧው በሙሉ በውኃ ይሞላና ሲፎን ይሆናል። የሞላ ቧንቧ ደግሞ በእኛ ገንዳ በሴኮንድ አንድ ሊትር ያህል ያወርዳል፤ ፓምፑ ከሚያመጣው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጓዳውን መጥጦ ይጨርሰዋል፤ አዙሪት ይፈጠራል፤ አየር ይገባል፤ ሲፎኑ ይሰበራል፤ ጓዳው እንደገና መሞላት ይጀምራል። ተማሪው መተንፈስ ያለው ይህን ነው። ችግሩ ቧንቧው ጠባብ መሆኑ አይደለም፤ ሰፊም መሆኑ አይደለም። ሙሉ ልሁን ወይስ ክፍት ልሁን በሚል መወላወሉ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል። ወይ አየሩ እንደ ልቡ የሚገባበትን መንገድ ሰጥቶ ቧንቧው ምን ጊዜም ክፍት እንዲሆን ማድረግ፣ ወይም አየሩን ፈጽሞ ከልክሎ ምን ጊዜም ሙሉ እንዲሆን ማድረግ ነው። በመካከል ሰላም የለም።

መጀመሪያ የሞከርነው ክፍቱን ነበር። በቧንቧው አናት ላይ የቲ መገጣጠሚያ አደረግን። በጎኑ ላይ አፉን ወደ ታች የደፋ ኤልቦ ገጠምንለት፤ ውኃው ከገጹ በታች ስለሚገባ አዙሪት አይፈጠርም። የቲውን ራስ በክዳን ዘግተን ክዳኑን በቀጭን መሰርሰሪያ በሳነው። ቀዳዳው ሲጠብ ቧንቧው መተንፈሱን ቀጠለ፤ ሲሰፋ ደግሞ የሚወርደው ውኃ ድምፅ ገነነ። በየጊዜው ጥቂት እያሰፋን ስንሞክር 5 ሚሊ ሜትር ላይ ጸጥ አለ። ውኃው የቧንቧውን ግድግዳ ተከትሎ ሲወርድ፣ አየሩ በመካከል መንገድ ያገኛል። ይህ ለጆሮ ጥሩ ነው፤ አረፋውን ግን አያጠፋውም። አየሩ አሁንም ከውኃው ጋር ይወርዳል፤ ረጋ ብሎ ይወርዳል እንጂ።

የታችኛውን ጫፍ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ጫፉ ከውኃው ገጽ በላይ ከቀረ ውኃው እየተፈናጠረ ሌላ አረፋ ይሠራል። አረፋው እንዲጠፋ ብለን ቧንቧውን እስከ ገንዳው ወለል አስረዘምነው። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ለመውጣት 25 ሴንቲ ሜትር ውኃ መግፋት ስላለበት ታፍኖ ቀረና ጓዳው እስከ አፉ ሞላ። ትክክለኛው ልክ ጫፉ ከገጹ በታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲገባ ነው። እንዲሁም ቧንቧው በመንገዱ ላይ አግድም የተኛበት ቦታ ሊኖር አይገባም፤ የተኛ ቧንቧ አየር ይጠራቅማል። ከጠረጴዛው ሥር ለመዞር ሲያስፈልግ በአንድ ቀጥ ያለ ኤልቦ ፋንታ ሁለት ጋደል ያሉ ኤልቦዎችን መግጠም ይሻላል።

ዐርብ ጧት

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው መንገድ ተሻገርን፤ ሙሉ ቧንቧ። ክዳኑን ደፈንን፤ ከቧንቧው ግርጌ፣ ከውኃው ገጽ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ጌት ቫልቭ ገጠምን። ከፍታው ላይ መግጠም ለእጅ ይመች ነበር፤ ግን ስሕተት ነው። ቫልቩ ከላይ ከሆነ ከእሱ በታች ያለው ውኃ ተንጠልጥሎ ስለሚጎትት ግፊቱ ከውጭው አየር ያንሳል፤ በየመገጣጠሚያውም አየር ይስባል። ከታች ሲሆን ግን ውኃው በቫልቩ ላይ ይቆማል፤ ግፊቱም ወደ ውጭ ይሆናል። ለተማሪዎች ይህን ለማሳየት ከአንድ ጀሪካን ወደ ሌላ ጀሪካን በሚወርድ የላስቲክ ቱቦ ሲፎን ሥሩና ቱቦውን ከላይኛው ጀሪካን አፍ በላይ ከሚታጠፍበት ስፍራ በመርፌ ውጉት። ውኃ አይወጣም፤ አየር ይገባል እንጂ፤ ሲፎኑም ይቆማል። ሌላ ቱቦ ወስዳችሁ ጫፉን በጣት ይዛችሁ ከግርጌው ብትወጉት ውኃው ይፈናጠራል። በአንድ ቱቦ ላይ ሁለት ዓይነት ግፊት አለ ማለት ነው።

ቫልቩን በጥቂት በጥቂቱ እየዘጋን፣ የሚወርደው ከሚመጣው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ጠበቅን። እኩልነቱ የፀጉር ያህል ትክክል ካልሆነስ የሚል ይኖር ይሆናል። ስሕተቱ ትንሽ ከሆነ ራሱን ያርማል። የጓዳው ውኃ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል የሚወርደው ውኃ በመቶ 6 ያህል ይጨምራል፤ ዝቅ ሲልም እንደዚያው ይቀንሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉርጉርታው ጠፋ፤ አረፋው ጠፋ፤ ታችኛው ገንዳ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ኀሙስ ከሰዓት በኋላ በኩራት ክፍሉን ዘግቼ ሄድሁ።

ዐርብ ጧት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስልክ ደወሉልኝ። «ማዓሊን፣ ከክፍልህ ውኃ እየወጣ ነው» አሉኝ። ስደርስ ወለሉ ረጥቧል፤ ከመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ የነበሩት የተማሪዎች የሙከራ ደብተሮች ርሰዋል፤ ፓምፑ ያለ ውኃ ሲሽከረከር አድሮ ተቃጥሏል። ዓሦቹ ደኅና ናቸው። ነገሩን የመረመርነው ከተማሪዎቹ ጋር ሆነን ነው። አንዲት የተበጠሰች የውኃ ተክል ቅጠል ጠባብ ሆኖ በተከፈተው ቫልቭ ውስጥ ተወሽቃ ተገኘች። ቅጠሏ ቧንቧውን ደፈነች፤ ፓምፑ ግን መግፋቱን አላቆመም። ከታችኛው ገንዳ 50 ሊትር ወደ ላይ ወጣ። ላይኛው ገንዳ ከውኃው ገጽ እስከ ጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበረው፣ የጠረጴዛውን ስፋት ያህል ስናባዛው፣ 20 ሊትር ያዘ። የቀረው 30 ሊትር ወለል ላይ ፈሰሰ። ሁሉ ነገር ያለቀው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። በአህያ ጋሪና በቦቴ መኪና ተጭኖ በሚመጣ፣ በየጀሪካኑ በሚከፈልበት ውኃ ለሚኖር ከተማ 30 ሊትር ወለል ማጠብ ቀልድ አይደለም። ርእሰ መምህሩም ገንዳው ከክፍሉ እንዲወጣ ሊያዝዙ ምንም አልቀራቸውም፤ ያተረፈው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሂሳቡን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ማስረዳታቸው ነው።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። የሞላ ቧንቧ ጸጥተኛ ነው፤ ግን ምንም የሚተርፍ አቅም የለውም። ቫልቭ ባለበት ቧንቧ ብቻ መተማመን አይገባም። በጓዳው ውስጥ ሁለተኛ ቧንቧ አቆምን፤ አፉ ከመደበኛው የጓዳ ውኃ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ቧንቧ ቫልቭ የለውም፤ ክዳንም የለውም፤ ደረቅ ሆኖ ይኖራል። የመጀመሪያው ቢደፈን ውኃው ወደዚህ ይገባል፤ በዚያን ጊዜ እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ይህ ጩኸት ደወል ሆነልን። ከዚህም ሌላ ታችኛውን ገንዳ ዝቅ አድርገን ሞላነው። ፓምፑ ሊስበው የሚችለው ውኃ ላይኛው ገንዳ ሊሸከመው ከሚችለው ከ20 ሊትር እንዳይበልጥ የፓምፑን አፍ ከፍ አደረግነው፤ ሁለቱም ቧንቧዎች በአንድ ቀን ቢደፈኑ እንኳ ወለሉ አይረጥብም። በትነት የሚወርደውን ግን በየጧቱ የግድ መሙላት ሆነ። ከፍ ያለ አፍ ቶሎ አዙሪት ይሠራልና።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይመጣል። ፓምፑ ሲቆም ውኃውን ወደ ላይ ይወስድ የነበረው ቧንቧ ራሱ ወደ ኋላ ሲፎን ሆኖ ላይኛውን ገንዳ ወደ ታችኛው ያወርደዋል፤ ታችኛው ሞልቶ ይፈስሳል። የዚህ መድኃኒት በመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ ከውኃው ገጽ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ ቀዳዳ መብሳት ነው። ውኃው ጥቂት ዝቅ ሲል ቀዳዳዋ ትገለጣለች፤ አየር ትስባለች፤ ሲፎኑም ይሰበራል። በማውረጃው ቧንቧ ሁለት ወር ሙሉ ስናሳድደው የነበረውን አየር እዚህ በክብር ጋበዝነው። ቀዳዳዋ በአልጌ እንዳትደፈን ግን በየሳምንቱ መጥረግ ያስፈልጋል።

ከገንዳው ወደ ከተማው

ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ በቤታቸው ስላለው ቧንቧ ይጠይቁ ጀመር። ውኃ ተቋርጦ ቆይቶ ሲመጣ ለምን ያስለዋል? ለምን ይተፋል?

ሐርጌሳ የምትጠጣው ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው ከከተማዋ በስተሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚገኙት የጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች ነው። መስመሩ በቻይና ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ተሠርቷል። ጉድጓዶቹ ያሉበት ቦታ ከከተማዋ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውኃው በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል። በማንኛውም ረጅም የውኃ መስመር ላይ አየር የሚጠራቀመው ቧንቧው ኮረብታ ተሻግሮ ቁልቁል በሚዞርበት አናት ላይ ነው። እዚያ ተቀምጦ የውኃውን መተላለፊያ ያጠብበዋል። መሐንዲሶች በእንዲህ ያለ አናት ላይ አየር ማስወጫ ቫልቭ የሚተክሉት ለዚህ ነው፤ በእኛ ገንዳ የቲው ክዳን ቀዳዳ የሚሠራውን ይሠራል። ውኃ ሲቋረጥ ቧንቧው በየቤቱ በኩል ይራቆታል፤ አየርም ይሞላዋል። ሲመለስ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። ማሳሉና መትፋቱ ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ቆጣሪው በአየር ሊሽከረከር ስለሚችል፣ መጀመሪያ ቧንቧውን በስሱ ከፍቶ አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት ይበጃል።

ውኃውን ከላይ ሆኖ መሳብ ሲቻል ለምን ከታች ይገፉታል ብሎ የጠየቀም ነበር። ይህ ጥያቄ ወደ ቶሪቼሊ ይወስደናል። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 በጻፈው ደብዳቤ እንዳስረዳው፣ ውኃን ወደ ላይ የሚያወጣው የፓምፑ መሳብ ሳይሆን የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ በበርበራ ይህ ክብደት ውኃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያቆማል። ሐርጌሳ 1,334 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቁመቱ ወደ 8.8 ሜትር ይወርዳል። በአዲስ አበባማ 7.7 ሜትር ያህል ነው። በተግባር ከዚህም ያነሰ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ በውኃው ውስጥ የሟሟው አየር እየወጣ በቱቦው አናት ይጠራቀማልና። ከዚህ የሚበልጥ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ላይ ፓምፑን ከላይ አስቀምጦ የሚደክም ሰው የሚታገለው ከፓምፑ ጋር ሳይሆን ከአየሩ ጋር ነው።

የከፍታው ነገር ለዓሦቹም አይቀርም። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውኃ በበርበራ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሐርጌሳ የሚይዘው 7 ያህል ነው። ስለዚህ የሥነ ሕይወት መምህሩ ዓሦቹን እንዳናበዛ አጥብቆ ይከራከራል። እኔ ሦስት ልጨምር ብል እሱ በዐሥራ አንዱ ጸና፤ አሁን ትክክል እንደነበረ አምኜለታለሁ። ለዓሦቹ ኦክስጅን የሚሰጠው በአብዛኛው አረፋው አይደለም፤ በጠርዙ ላይ እየሳሳ የሚወርደውና ገጹን የሚያድሰው ውኃ ነው።

ዛሬ ከታችኛው ገንዳ መስተዋት ላይ በቀለም የተሰመረ ምልክት አለ። ተረኛ ተማሪ ጧት ሲገባ ውኃውን እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ የጨመረውን ሊትር፣ የክፍሉን ሙቀትና ደረቁ ቧንቧ ደርቆ ማደር አለማደሩን በደብተር ይጽፋል። ከተተከለ ወዲህ ደረቁ ቧንቧ የረጠበው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በቅጠል፣ አንዱ ደግሞ ከጠጠሩ ሾልኮ በወጣ ቀንድ አውጣ ምክንያት። በሁለቱም ጊዜ ጩኸቱን መጀመሪያ የሰማው ያው ገንዳው ይተነፍሳል ያለው ልጅ ነበር።